ከቦሩ ሜዳ እስከ መተማ፤ የአባቶችን ሃይማኖት ስለ መጠበቅና ስለ መለየት

የሃይማኖት መለያየትን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ሊያመልጥ አይችልም፤ ይኸውም «ከሁለቱ ወገኖች የተለየው ማንኛው ነው?» የሚለው ነው። ላይ ላዩን ሲታይ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ የቀረው ነባር ነው፣ የወጣው ተገንጣይ ነው ይባላል። ነገር ግን የወጣውን ሰው ቀርበን ብንጠይቀው «እኔስ አባቶቼ ባቆሙኝ ስፍራ ቆሜአለሁ፤ ከቦታው የተንቀሳቀሰው በመንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው» ይለናል። በመንበሩ ላይ የተቀመጠውም በበኩሉ የአባቶች እውነተኛ ልጅ እኔ ነኝ ይላል። እንግዲህ ሁለቱም ራሳቸውን ነባር፣ ባላጋራቸውን አዲስ አድርገው ያያሉ። ይህ ጽሑፍ ይህን ነገር በአገራችን ታሪክ፣ በተለይም ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ መተማ፣ ከመተማም ወደ ገዳሪፍ በሚወርደው መንገድ ላይ ከሆነው ሁኔታ ተነሥቶ ለመመርመር የታሰበ ነው። የዓመታቱ ቍጥር «እ.ኤ.አ.» ካልተባለበት በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

መተማና ገላባት በሁለት መንግሥታት ግዛት ያሉ፣ በአንድ ጅረት ብቻ የሚለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ድንበሩ በውል የተወሰነው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ስምምነት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አገሩ ሁለት ጌቶች የሚከራከሩበት የንግድ በር ነበር። በዚያ የሰፈሩት ተክሩር የተባሉት ሕዝቦች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው የምዕራብ አገር ወደ መካ ሲጓዙ በመንገድ ቀርተው የተባዙ ናቸው፤ ሹማቸውም አንዳንድ ጊዜ ለኢትዮጵያ፣ አንዳንድ ጊዜ ለግብፅ፣ አንዳንድ ጊዜም ለሁለቱም ይገብር ነበር። በገበያው ከደጋ የወረደ ቡናና ሰም፣ ከቆላ የመጣ ጥጥ ይለወጥበት፣ የሰው ልጅም በባርነት ይሸጥበት ነበር። በዚህ በር የሚያልፈው ግን ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። በአገሩ ሃይማኖቱን እንደ ልቡ ይዞ መኖር ያልቻለ ሰውም ያልፍበት ነበር።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን ወደ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን መለስ ማለት ያስፈልጋል። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ትምህርት የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩም እንዲከተላቸው በማዘዛቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ኢየሱሳውያን ቢወጡም ግን ከእነርሱ ጋር በተደረገው ክርክር የተቀሰቀሱት ጥያቄዎች አብረው አልወጡም። ከነዚህም ዋናው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቍጥር 38 ላይ የተጻፈው ነገር ነበር። ወልድ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው? ለሥጋ ክብርን የሰጠው ከመለኮት ጋር መዋሐዱ ነው ወይስ መቀባቱ?

ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ተሰጡ። ተዋሕዶዎች ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፣ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው አሉ። ቅብዐቶች አብ ቀቢ፣ ወልድ ተቀቢ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው፤ ሥጋም የከበረው በዚህ ቅብዐት ነው አሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ ከአብ ከሚወለደው ቀዳማዊ ልደትና ከድንግል ከሚወለደው ደኃራዊ ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ጸጋ የሆነ ሦስተኛ ልደት አለ ስላሉ የጸጋ ልጆች ወይም ሦስት ልደቶች ተባሉ። ቅብዐት በጎጃም፣ ጸጋ በደብረ ሊባኖስና በሸዋ፣ ተዋሕዶ በትግሬና በላስታ በረታ። ሦስቱም አንድ መጽሐፍ ያነብባሉ፤ በአንድ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ጳጳሳቸውም ከእስክንድርያ የሚመጣው አንዱ ግብፃዊ ነው። ሦስቱም «የአባቶች ሃይማኖት» የሚሉት የየራሳቸውን ነው።

የነዚህን ወገኖች ስም ስናስተምር ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከስሞቹ አንዳንዱን ያወጣው ባለቤቱ ሳይሆን ባላጋራው ነው። ሦስተኛውን ልደት የቈረጡትን ተዋሕዶዎች ባላጋሮቻቸው «ካራ» ብለው ጠሯቸው፤ ካራ ማለት ቢላዋ ነውና። ደግሞም የደብረ ሊባኖስ ማኅበር በመጀመሪያው ዘመን ቅብዐትን በመቃወም ለተዋሕዶ ጠበቃ ሆኖ የቆመ ነበር፤ በ1713 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት የቅብዐትን ትምህርት በዐወጁ ጊዜ ዐዋጁን ያልተቀበሉ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በጎንደር በወታደር እጅ አልቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን ከዚሁ ማኅበር የጸጋ ትምህርት ጠነከረና የቀድሞዎቹ ወዳጆች ተለያዩ። ስለዚህ «ማን ከማን ተለየ?» የሚለው ጥያቄ በ1650ዎቹና በ1750ዎቹ አንድ መልስ አልነበረውም። አሮጌውና አዲሱ በየትውልዱ ቦታ ይለዋወጡ ነበር።

በ1822 ዓ.ም. ሳሙኤል ጎባት የተባሉ የስዊስ ተወላጅ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ተልከው ጎንደር ገቡ። እኒህ ሰው በኋላ ጊዜ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የሆኑ ናቸው። የጉዟቸውን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1834 በሎንዶን ያሳተሙ ሲሆን፣ በዚያም የጎንደር ሊቃውንት በልደትና በቅብዐት ነገር እንዴት እንደ ተከፋፈሉ ጽፈዋል። የመጡት ሊያስተምሩ ነበር፤ ነገር ግን በየደረሱበት አስቀድሞ የሚጠብቃቸው «አንተ ከማንኛው ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በ1834 ዓ.ም. የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ በልጅነታቸው በካይሮ የዚያው የእንግሊዝ ሚስዮን ማኅበር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩና፣ ሚስዮናውያኑ የእርሳቸውን መምጣት በትልቅ ተስፋ ጠበቁት። አቡነ ሰላማ ግን ለማንም የሚያመቹ ሰው አልሆኑም። ለተዋሕዶ ወገን ቆመው ሦስት ልደትን በብርቱ ተቃወሙ፤ በዚህም ምክንያት ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ተጣሉ።

የቋራው ካሣ አገሩን ለመጠቅለል በተነሡ ጊዜ የአቡነ ሰላማን ቡራኬ ፈለጉ፤ አቡነ ሰላማም የሃይማኖቱን አንድነት ፈለጉ። ሁለቱ በአምባ ጫራ ተስማሙ፤ ተዋሕዶ የመንግሥቱ ሃይማኖት ሆኖ ታወጀ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ያ ዐዋጅ ለዙፋኑ ኃይል ሰጠ፤ ነገር ግን የጎጃምንና የሸዋን መምህራን ልብ አላዞረም። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነገሩ ሳይቋጭ ለዐፄ ዮሐንስ ተላለፈ።

ዐፄ ዮሐንስ መንግሥታቸውን በጕንደትና በጕራዕ ከግብፅ ወራሪ ካዳኑ በኋላ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ገቡላቸው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሁለቱ ነገሥታት በወሎ፣ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አቆሙ። በጉባኤው ላይ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ቃሉም ለሁለት ልደት የሚመሰክር ነበር። ክርክሩ በተዋሕዶ ረቺነት ተፈጸመ። ከተረቱት መምህራን አንዳንዶቹ እምቢ በማለታቸው ምላሳቸው እንደ ተቈረጠ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ከዚያም ቀጠሮ ተቈረጠ፤ የሌላ ትምህርት ተከታዮች የሆኑ ክርስቲያኖች በሁለት ዓመት፣ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት፣ የሌላ ልማድ ተከታዮች በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ተዋሕዶ እንዲገቡ ታዘዘ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ የሆኑት ናቸው። አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ።

የዐፄ ዮሐንስን ሐሳብ ያለ አድልዎ መመዘን ይገባል። በሰሜን ግብፅ፣ ከዚያም ኢጣልያ፣ በምዕራብ ሱዳን በከበቡት አገር ላይ የተቀመጡ ንጉሥ ነበሩ። የካህናቱ ክርክር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ መሳፍንቱን ለመከፋፈል ሰበብ ሲሆን መኖሩን ያውቃሉ። አንድ ሃይማኖት የሌለው አገር አንድ ልብ አይኖረውም ብለው አመኑ፤ ይህም እምነት በዘመናቸው የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ የሐሳቡን ቅንነት ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም ማየት አለበት።

ፍሬው ሦስት ዓይነት ሆነ። የመጀመሪያው መገዛት ነው፤ በሸዋና በደብረ ሊባኖስ የጸጋ ትምህርት ከአደባባይ ጠፋ፤ ልጆቹም ከጊዜ ብዛት ተዋሕዶ ሆነው ቀሩ። ሁለተኛው ዝም ብሎ መቆየት ነው፤ በጎጃም ቅብዐት ከመንግሥት ፊት ዘወር ብሎ በመንደርና በገዳም ተጠበቀ፤ በምሥራቅ ጎጃም ተከታዮቹ እስከ ዘመናችን ድረስ ይገኛሉ። በወሎም ከተጠመቁት ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ይኖሩ እንደ ነበር ይነገራል። ሦስተኛው መውጣት ነው። ሼኽ ጠልሐ በወሎ ጦር አንሥተው ተዋጉ፤ ከጎንደር አውራጃና ከወሎ ሙስሊሞች ብዙዎቹ ግን ሃይማኖታቸውን ይዘው በጭልጋ ቆላ በኩል ወደ መተማ ወረዱ። በዚያው መንገድ ሌላ ዓይነት ስደተኛም አልፏል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በካቶሊክ ሚስዮን የሠሩት አቡነ ማስያስ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሸዋ ተነሥተው በ1872 ዓ.ም. ገደማ በመተማ ወደ ሱዳን ወጡ። እንግዲህ ሙስሊሙ ነጋዴና ካቶሊኩ ጳጳስ በሃይማኖት እጅግ የተራራቁ ሲሆኑ አንድ ዐዋጅ በአንድ በር አወጣቸው።

እስካሁን የተናገርነው ከጅረቱ ወዲህ ስላለው ነው። ከጅረቱ ወዲያም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር ይደረግ ነበር፤ ይህንም ብዙ ጊዜ አናስተምረውም። በ1873 ዓ.ም. ሙሐመድ አሕመድ በሱዳን ማህዲ ነኝ ብለው ተነሡ፤ በጥር 1877 ዓ.ም. ካርቱምን ያዙ። ማህዲው የተነሡት በግብፅ መንግሥት ላይ ብቻ አልነበረም። የእስልምናን የሕግ ወገኖችና የሱፊዎችን መንገዶች ሁሉ ሽረው፣ ሁሉም በአንድ ሥርዐትና በአንድ የጸሎት መጽሐፍ እንዲሄድ አዘዙ። በምሥራቅ ሱዳን ግን ከአባቶቹ የወረሰውን መንገድ ያልለቀቀ ሕዝብ ነበር። በከሰላ የሚርጋኒ ቤተ ሰብ የሚመሩት የኸትሚያ መንገድ ማህዲውን አልተቀበለም። በገዳሪፍ አካባቢ የሹክሪያ ነገድ የሚኖርበት፣ ከተማውም በመሪዎቹ ቤት ስም «ሱቅ አቡ ሲን» ተብሎ የሚጠራው አገር ነበር፤ መሪያቸው ዐወድ አልከሪም አቡ ሲን ለካይሮ መንግሥት ታማኝ ሆነው በመጽናታቸው በኋላ በኦምዱርማን ታሰሩ። ከሰላም ከረዥም ከበባ በኋላ በሐምሌ 1877 ዓ.ም. ወደቀች።

ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተዋዋሉት ውል መሠረት በጠረፉ የተከበበውን የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ለማውጣት ቃል ገብተው ነበር፤ የገላባቱም ጦር በ1877 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ወጣ። በገላባት የተክሩሮች መሪ የነበሩት ሷሊሕ ሸንቃም ለማህዲው አልገዛም ብለው ከሰዎቻቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተጠጉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ከኢትዮጵያ የተሰደደው ሙስሊም ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ ከሱዳን የተሰደደው ሙስሊም ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ አገር ይወጣ ነበር። ሁለቱ ስደተኞች በአንድ ጅረት ተላለፉ። የአንደኛው መሸሻ ለሌላው የሚሸሹት አገር ነበር። ከዚህ የምንረዳው ስደተኛው የሚሸሸው ከሌላ ሃይማኖት ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ልብን በቀጠሮ ከሚያስለውጥ ዐዋጅም ይሸሻል። በእርግጥ በሷሊሕ ሸንቃና በአቡ ሲን ልብ የነበረው ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ የሹመትና የአገር ጉዳይም ነበረበት። በቦሩ ሜዳም ቢሆን ነገሩ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሆኖም በቅደም ተከተል ማየቱ ይጠቅማል። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው የማህዲውን ሹም ወድ አርባብን ገደሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ ዐንጃ በሣር ውሃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። በመተማ የተሰበሰቡት ስደተኞች አንዳንዶቹ ከዚህ ጦር ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ከአገራቸው ያስወጣቸው ዐዋጅ የጦር መሪዎቹን መንገድ የሚያውቅ ሰው አተረፈላቸው። ዐፄ ዮሐንስ ድሃው ሕዝብ በከንቱ እንዳያልቅ ለአቡ ዐንጃ የሰላም ደብዳቤ ቢጽፉም የተመለሰላቸው ዘለፋ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሆነ፤ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ወገን አጋድሎ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። የተማረከው ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ከጦርነቱ በኋላ ወዲያው የመጣው ረኀብ በጅረቱ አልተከለከለም። የከብት እልቂት ያስከተለውን መከራ እኛ «ክፉ ቀን» ስንለው፣ ሱዳኖች በሂጅራ አቈጣጠር 1306 ዓመት ስለ ደረሰባቸው «የስድስት ዓመት» ይሉታል። በመተማ ድል አድርጎ የተቀመጠው የዘኪ ጠማል ሠራዊት በረኀብ አለቀ። ሁለቱ አንድነት ፈላጊ መንግሥታት ባዶ ባደረጉት አገር ላይ ረኀብ ብቻውን ነገሠ። ከዚህ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቦሩ ሜዳ ግዴታ በሙስሊሞች ላይ ላላ፤ በወሎ በግድ የተጠመቁት ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ሃይማኖታቸው ተመለሱ። የዐዋጁ ዕድሜ ከአሥራ ሁለት ዓመት አልበለጠም ማለት ነው፤ ትዝታው ግን ለልጅ ልጅ ተረፈ።

ይህ ጠባይ የአገራችን ብቻ እንዳይመስለን ጎባትን የላከችውን የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጥቂት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1689 እንግሊዞች ንጉሣቸውን ዳግማዊ ጀምስን አባርረው ዊልያምንና ሜሪን ባነገሡ ጊዜ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሳንክሮፍት ከሌሎች ጳጳሳትና ከአራት መቶ ያህል ካህናት ጋር «ለመጀመሪያው ንጉሥ የማልነውን መሐላ አናፈርስም» ብለው አዲሱን መሐላ እምቢ አሉ። ከሹመታቸው ተሻሩ፤ የራሳቸውንም ጉባኤ ይዘው ከአንድ መቶ ዓመት ያላነሰ ቆዩ። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ያለችው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ ፈቀደች፤ የጸሎት መጽሐፏንም ለማደስ ወሰነች። በሚቀጥለው ዓመት የቀድሞውን ሥርዐት የሚጠብቁ ካህናትና ምእመናን በሴንት ሉዊስ ከተማ ተሰብስበው ተለዩ። ለራሳቸው የመረጡት ስም ግን «የተለየነው» የሚል ሳይሆን «የቀጠልነው» የሚል ነበር። የጎጃሙ ቅብዐት ቢሰማቸው ነገሩ አዲስ ባልሆነበትም ነበር።

የሱዳን አንግሊካኖችም ከዚህ ክርክር ውጭ አልሆኑም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ከወንድ ጋር በግልጽ የሚኖር ካህን ጳጳስ ሆኖ በመሾሙ፣ በ2008 በላምቤት ጉባኤ የሱዳን ጳጳሳት በሊቀ ጳጳሳቸው በዳንኤል ዴንግ ቡል አፍ ያ ጳጳስ ከሹመቱ እንዲወርድ ጠየቁ። በጦርነትና በስደት ውስጥ ያለፈች፣ ከእንግሊዞች ወንጌልን የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ለአስተማሪዎቿ «ያስተማራችሁንን ለምን ለወጣችሁት?» አለቻቸው። ለለውጡ የቆሙት ደግሞ የወንጌሉን ፍቅር የሚጠብቁ እነርሱ መሆናቸውን ተናገሩ። እዚህም ሁለቱም ወገን በአባቶች ስም ይናገራል። የሚለየው ግን አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ክርክር ማንም ምላሱ አልተቈረጠም፤ ማንም በቀጠሮ እንዲለወጥ አልታወጀበትም።

በገዛ ቤታችንም የቅርብ ምሳሌ አለን። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ አቡነ መርቆሬዎስ መንበራቸውን ለቀቁ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሆኑ። ከአቡነ መርቆሬዎስ ጋር የወጡት አባቶች «ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ በላዩ ሌላ አይሾምም» የሚለውን ቀኖና ይዘው በውጭ አገር ሲኖዶስ አቆሙ። በሃይማኖት ምንም ልዩነት አልነበረም፤ ቅዳሴውም ጾሙም አንድ ነበር። ሆኖም በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ምእመናን ሃያ ስድስት ዓመት ያህል ተለያይተው ቆሙ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መንግሥትም በሽምግልናው ገብቶበት በዋሽንግተን ዕርቅ ወረደ። የዕርቁ ጥበብ አንዱን ነባር፣ ሌላውን ተገንጣይ ብሎ አለመፍረዱ ነበር። አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎት፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲመሩ፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ አብሮ እንዲጠራ ተደረገ። አቡነ መርቆሬዎስም በየካቲት 2014 ዓ.ም. ያረፉት በአገራቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመምህራን ሦስት ነገር ይተርፋል። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። «ካራ»፣ «መናፍቅ»፣ «ተገንጣይ»፣ «ደርቡሽ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ባላጋራ ያወጣቸው ናቸው፤ እኛ ደርቡሽ የምንላቸው ራሳቸውን አንሷር ይሉ ነበር። መምህሩ ቃሉን ሲጠቅስ ማን እንዳወጣው አብሮ ቢናገር ተማሪው ስምን ከፍርድ መለየት ይማራል። በሞጣ ወይም በደብረ ወርቅ አካባቢ ባለ ክፍል ውስጥ ቅብዐት ለታሪክ መጽሐፍ ያለፈ ነገር ቢሆንም፣ በወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ልጅ የአያቱ ጸሎት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ አንድ ትምህርት ተለወጠ ሲባል ሦስት ጥያቄዎችን በተራ መጠየቅ ነው። የተለወጠው ምንድን ነው? እንዲለወጥ የወሰነው ማን ነው? የተረታውስ ምን ደረሰበት? በቦሩ ሜዳ የተለወጠው በአንዳንድ አውራጃ ለብዙ ትውልድ የቆየ ትምህርት ነበር፤ የወሰነው ጉባኤ ነገሥታት የተቀመጡበት ነበር፤ የተረታው ተገዛ፣ ዝም አለ ወይም ተሰደደ። እነዚህን ጥያቄዎች የለመደ ተማሪ የትኛውም ወገን «እኛ ብቻ ነን ነባሮቹ» ሲለው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያመነታል። ይህም ሃይማኖቱን አያሳጣውም፤ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ አይፈራምና።

ሦስተኛው ከድንበሩ ወዲያ ያለውን ማስታወስ ነው። የመተማው መምህር ዐፄ ዮሐንስ ለአገራቸውና ለሃይማኖታቸው መሥዋዕት መሆናቸውን ያስተምራል፤ ልክም ነው። የገላባቱና የገዳሪፉ መምህር ደግሞ ያንኑ ቀን አባቶቹ ለሃይማኖታቸው የቆሙበት አድርጎ ያስተምራል። ሁለቱ የሚያስተምሩት ስለ አንድ ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ከሁለቱም ወገን በቀጠሮ መለወጥን እምቢ ብለው የወጡ ሰዎች እንደ ነበሩ ቢጨምሩበት፣ የሁለቱ አገር ልጆች አባቶቻቸው አንድ ዓይነት መከራ እንዳዩ ያውቃሉ።

ይህም ዕውቀት ለጌጥ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ገዳሪፍ አውራጃም በኡም ራኩባ ተቀበለቻቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ወጡ። እንደ ጥንቱ ያንኑ ጅረት ሁለቱም ተሻገሩ። እነዚህ በሃይማኖት ዐዋጅ ምክንያት የወጡ ባይሆኑም፣ ልጆቻቸው የሚማሩበት ክፍል የብዙ እምነትና የብዙ ትዝታ መሰብሰቢያ ይሆናል። በዚያ የሚቆም መምህር የማንኛውንም ልጅ ሃይማኖት በአፉ ሳይሽር፣ የማንኛውንም ታሪክ ሳይሸፍን ማስተማር ይገደዋል። ቦሩ ሜዳ ክርክሩን በድል ፈጸመ፤ ነገር ግን የተረታው ሰው በልቡ የያዘውን ሊያወጣ አልቻለም። ዐዋጅ የማይገባበትን ልብ ትምህርት በትዕግሥት ያንኳኳዋል፤ ስለዚህም የአገር አንድነት ከጉባኤ ሜዳ ይልቅ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።